ምዕራፍ 7፦ ሁለት አፍ፣ አንድ ወረቀት

የእህቴ ልጅ ከደጎሎ ደወለልኝ። ገበያ ላይ እንዳለ ያስታውቃል፤ ከኋላው አህያ ያናፋል፣ ሰው ይከራከራል። «ጋሼ፣ አንድ ሁለት አፍ አገኘሁ፤» አለኝ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ። «የጥንት ነው፣ የቤልጅግ። ሰውየው ገንዘብ ቸግሮት ነው እንጂ አይሸጠውም ነበር። በአንድ ወይፈን ዋጋ ይለቅልኛል።»

«የቤልጅግ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ስሙ ተጽፎበታላ! ዘውድ አለ፤ ከዘውዱ ሥር እንቁላል በመሰለ ክብ ውስጥ ሦስት የፈረንጅ ፊደል አለ። ኢ፣ ኤል፣ ጂ። የሠሪው ስም ነው አሉኝ።»

የሠሪው ስም አልነበረም። ስለ ሠሪው ምንም የማይናገር፣ ለገዢ ግን ከሠሪው ስም የበለጠ የሚጠቅም ምልክት ነበር። ልጁ የሚታየውን በደንብ አይቷል፤ የጎደለው የሚያነብለት ሰው ነው። ይህን ምዕራፍ የጻፍሁት እንደ እሱ ላለ ሰው ነው፤ ኪሱ ጠበብ ያለ፣ ማሳው ገደል አፋፍ ላይ የሆነ፣ ጃርትና ከርከሮ ያስቸገረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ሊገዛ ያሰበ።

ገበሬ በሬ ሲገዛ የሚያደርገውን ሁላችንም አይተናል። ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፤ ቀንበር የሚያርፍበትን ትከሻ ይዳብሳል፤ ሰኮናውን ያነሣል፤ ወዲያና ወዲህ አስነድቶ አረማመዱን ይመለከታል። ሻጩ ስለ በሬው ዘር ሲያወራ ዝም ብሎ ይሰማዋል እንጂ አያምነውም። ያው ገበሬ ጠመንጃ ሊገዛ ሲነሣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። «የማን ሥራ ነው?» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ይጨርሳል።

አመሉ የቆየ ነው። ለጆሯችን የጠመንጃ ስም ከሰው ስም አይተናነስም። የእንግሊዙ ስናይደር «ሰናድር» ሆኖ አገር ለመደ። ፈረንሳዮች በመኮንናቸው ስም «ፉዚ ግራ» ያሉት «ውጅግራ» ሆነ። ሞዘር፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ እያለ ይቀጥላል። ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም ሰው የሚለየው በትከሻው ባንጠለጠለው ነበር፤ ሻጭም ይህን ስለሚያውቅ ከብረቱ ጋር ስሙን አብሮ ይሸጣል። ስም ደግሞ ዝገት አይታይበትም።

ነጋዴ በስም ምን ያህል ያተርፍ እንደነበር ከራሱ ከነጋዴ አፍ እናውቃለን። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ በቀይ ባሕር ዳርቻ ሲነግድ፣ ወደ ሸዋ ሊያስገባቸው ስላሰናዳቸው ጠመንጃዎች ለቤተሰቡ ጽፎ ነበር። ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ፣ በካፕሱል የሚተኮሱ አሮጌዎች ናቸው። ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ ባሉ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣል፤ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣል። ይህን ሲጽፍ የማፈር ምልክት አይታይበትም። እርግጥ በመካከል በረሃው አለ፣ የግመል ኪራዩ አለ፣ ቀረጡ አለ።

ከታጁራ ተነሥቶ ወደ 2,000 የሚሆን ጠመንጃ ይዞ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ሲደርስ ታዲያ ነገሩ እንዳሰበው አልሆነለትም። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ዋጋውን ራሳቸው ቆረጡ። የሞተው ሸሪኩ የላባቱ ዕዳ ነው ተብሎ ከሒሳቡ ላይ ተቀነሰ። የቀረውንም ሐረር ሄዶ ከመኮንን፣ በኋላ ራስ ከተባሉት፣ እንዲቀበል ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ምኒልክ የራምቦን ጠመንጃ የገዙት በሬ እንደሚገዛ ገበሬ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ለዓድዋ የሚዘምተው የሸዋ ጦር የከተተው ወረኢሉ ላይ ነበር፤ ደጎሎ ያለችበት የጃማ ጎረቤት ናት። ከሠራዊቱ ጋር የአውሮፓ ፋብሪካዎች የሠሩት ጠመንጃ በየዓይነቱ በዚያ ደጋ አለፈ። የእኛ አገር ሰው የስም ፍቅሩን ከወዴት እንዳመጣው ለመገመት አይከብድም።

ሁለት አፍ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ዕጣ ያለው ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የጦር ሜዳ መሣሪያ ነበር። ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዙ በኩል እየተጠቀጠቀ፣ ካፕሱል እየተደረገለት ይተኮሳል። አንዱን ለመጉረስ ጊዜ ስለሚፈጅ ሁለት አፍ ያለው ሰው በባለ አንድ አፉ ላይ ትልቅ ብልጫ ነበረው። ከደጎሎ ወደ ሰሜን፣ መቅደላ አምባ ግርጌ አሮጌ ላይ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከእንግሊዞች ጋር ሲገጥም ጠመንጃ ከያዘው ሠራዊት ብዙ ሰው ይህን ይዞ ነበር። የእንግሊዝ ወታደር ደግሞ ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ይዞ መጣ። ከእኛ ወገን 700 ገደማ ሲሞት ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ያህል ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ቴዎድሮስ አምባው ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት አፍ ቀስ በቀስ ከጦር ሜዳ ወጣ። ከኋላ መጉረስን እሱም ተማረ፤ ግን የተማረው ለቆቅ፣ ለጅግራ፣ ለጥንቸል ነው፤ አዳኝና ገበሬ ዘንድ ቀረ። እንግዲህ ሊገዙት የቀረበው ዕቃ እንደ ማረሻና እንደ መጥረቢያ የሥራ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም በሥራው ይለካ።

ወደ ልጁ ዘውድ ልመለስ። ሊዬዥ በቤልጅግ ያለች የጠመንጃ ከተማ ናት። ከ1672 ጀምሮ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) የሚሠሩ ጠመንጃዎችን የሚፈትን ቤት አላት። ጠመንጃው ከወትሮው የበለጠ ኃይል ያለው ጥይት ጎርሶ ይተኮሳል፤ ካልፈነዳና ካልተበላሸ ማኅተም ይመታበታል። በእንቁላል ክብ ውስጥ ያሉት ሦስት ፊደላት ይህ ማኅተም ናቸው፤ «በሊዬዥ ተፈትኗል» ማለት ነው። ዘውዱ የተጨመረው በ1893 (ይህም እንደ ፈረንጅ) ስለሆነ የልጁ ጠመንጃ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ሊዬዥ ውስጥ በየጓዳው ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች እጅግ ብዙ ነበሩ፤ የሁሉም ሥራ ግን የሚፈተነው በአንድ ቤት ነው። ስለዚህ ማኅተሙ እጅግ ግሩም በሆነውም ሆነ በተራው ጠመንጃ ላይ እኩል ይገኛል። በርሚንግሃምም፣ ሴንት ኤትየንም፣ የስፔኗ ኤይባርም፣ የጣሊያኗ ጋርዶኔም የየራሳቸው መፈተኛና ማኅተም አላቸው።

«ሌላ ምን አለበት? ቱቦዎቹን ከሰደፉ ፍታና ከሆዳቸው በኩል እይ፤» አልሁት።

ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው። የድሮው ባሩድ ጥቁር ነበር፤ ጭሱ ብዙ፣ ግፊቱ ለስላሳ። የዛሬው ጢስ አልባ ባሩድ ቱቦውን በብርቱ ይጫነዋል። ለጥቁር ባሩድ ብቻ የተፈተነ ጠመንጃ የዛሬ ጥይት ሲያጎርሱት አንድ ቀን ሊታገሥ ይችላል፣ አሥር ቀንም ሊታገሥ ይችላል። የማይታገሥበት ቀን ግን ግራ እጅ ቱቦውን ደግፎ የያዘበት ቀን ነው። በሊዬዥ ለአዲሱ ባሩድ የተፈተነው አንበሳና «ፒ ቪ» የሚሉ ፊደላት አሉበት። እነዚህ ከሌሉ ጠመንጃው የግድግዳ ጌጥ ነው፤ ሻጩ የፈለገውን ይበል።

ከጌጥ ሁሉ አሳሳቹ ደግሞ ደማስቆ የሚባለው ቱቦ ነው። ብረትና አረብ ብረት አብሮ ተገምዶ፣ በእሳት ተጠምጥሞ የተሠራ ስለሆነ ገላው ላይ እንደ ሸማ ጥለት የሚያምር ሞገድ ይታያል። ሊዬዥ በዚህ ሥራ የታወቀች ነበረች። አብዛኛው የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ዘመን ነው፤ በግምዶቹ መካከል የገባ ዝገት ደግሞ ከውጭ አይታይም። ጥለት ያለው ነገር ስለምንወድ ይሆናል፣ የእኛ ሰው ይህን ሲያይ ዋጋ ይጨምራል። መቀነስ ነበረበት።

ከማኅተሞቹ አጠገብ ቁጥር አለ። 12፣ 16 ወይም 20 ነው። ብዙ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሲል ቱቦው የሚሰፋ ይመስለዋል፤ የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ፓውንድ እርሳስ፣ 454 ግራም መሆኑ ነው፣ ለ12 እኩል ድብልብል ኳስ ቢካፈል አንዱ ኳስ ልክ የሚገባበት ቱቦ ቁጥር 12 ይባላል፤ ስፋቱ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለ20 ሲካፈል ኳሱ ያንሳል፣ ቱቦው 15.6 ይሆናል። በዓለም ላይ ጥይቱ በብዛት የሚሠራው ለ12 ነው። ቁጥር 16 ያምራል፣ ይቀላል፣ አሮጌው በርካሽ ይገኛል። የሚረክሰው ግን ጥይቱ ስለሚቸግር ነው። ገንዘቡ ትንሽ የሆነ ሰው ከ12 ባይወጣ እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ላይ ልቆይ፤ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ስለሆነ። ቱቦው ከኋላ ጥይት የሚጎርስበት ሰፋ ያለ ቤት አለው። በአሮጌ የአውሮፓ ጠመንጃ የዚህ ቤት ርዝመት ብዙ ጊዜ 65 ሚሊ ሜትር ነው። የዛሬው የተለመደ ጥይት 70 ነው፣ 76ም አለ። «እንግዲያ ረጅሙ አይገባም ማለት ነው» ይላል ሰው። ይገባል! የጥይቱ ርዝመት የሚነገረው ተተኩሶ አፉ ከተዘረጋ በኋላ ያለው ነው። ሳይተኮስ አፉ ታጥፎ ስለሚያጥር 70ው 65 ቤት ውስጥ ምንም ሳያጉረመርም ይገባል፣ ጠመንጃውም ይዘጋል። ሲተኮስ አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፤ ፍሬው በጠበበ ጉሮሮ ሲያልፍ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል። «ልክ ገባ» ማለት ለጫማ እንጂ ለዚህ ማስረጃ አይሆንም። የቤቱ ርዝመት በሚሊ ሜትር ተመትቶ ካልተገኘ በቀጭን ማስመሪያ መገመት ይቻላል፤ ቤቱ አልቆ ጉሮሮው የሚጠብበት ጠርዝ ላይ ይያዛል። ግን ግምት ነው። አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ ለሚያውቅ ሰው ማስለካት ከጣት አይበልጥም።

አሁን በሬውን እናስነዳው። መጀመሪያ ሰብሮ ከፍቶ ሁለቱም ቤት ባዶ መሆኑን በዓይን ማየት፤ ሻጩ «ባዶ ነው» ቢል እንኳ፣ አባት ቢሆን እንኳ። ከዚያ ከቱቦው ሥር ያለውን የፊት እንጨት ማውጣት። እንጨቱ ውስጥ ያለው ሞላ ቱቦውን ወደ ኋላ ስለሚገፋው የላላውን ጥብቅ ያስመስላል፤ ብልጥ ሻጭ እንጨቱ ሲወጣ አይወድም። እንጨቱ ወጥቶ፣ ጠመንጃው ተዘግቶ፣ ሰደፉን ይዞ መነቅነቅ። ካንኳኳ ማጠፊያው ተበልቷል። ከላይ ያለው መክፈቻ ምላስ በአዲስ ጠመንጃ ላይ ወደ ቀኝ ትንሽ ዘንበል ብሎ ይቆማል፤ እየተበላ ሲሄድ ወደ መሐል፣ ከዚያም አልፎ ወደ ግራ ይሄዳል። የበሬው ጥርስ ይህ ነው። ግራ ያለፈ ከሆነ ብዙ አርሷል። ቱቦውና ሰደፉ ወደሚጋጠሙበት ጠርዝ በብርሃን መመልከት ደግሞ አይከፋም፤ ጨረር ካሳለፈ እሳትም ያሳልፋል።

ቱቦውን ለብቻው ወደ ሰማይ አቅንቶ በውስጡ ማየት። ደጎሎ ላይ ብርሃን አይቸግርም። ንጹሕ ቱቦ ውስጥ የብርሃን ቀለበቶች እንደ እንዝርት ክር ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ቀለበቱ የተጣመመበት ቦታ ከውጭ የተመታ ነው። ጥቁር ነጠብጣብ የዝገት ጉድጓድ ነው፤ ጥቂቱ አፈሙዙ አካባቢ ቢሆን ያስኬዳል፣ ጥይቱ ቤት አጠገብ ከሆነ አያስኬድም። ከውጭ እንደ አበጠ ጣት የተነፋ ነገር የዳሰሰ ገዢ ምንም ሳይናገር ዕቃውን መልሶ ይሂድ።

ቀጥሎ ያለው ፈተና የምወደው ነው። የገጠር ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ደወል የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ሙሉ ድንጋይ ሲመታ ይዘፍናል፣ የተሰነጠቀው ያንቋርራል። ሁለቱ ቱቦዎች ከላይና ከታች ባለ ቀጭን ብረት የተበየዱ ናቸው። ብየዳው ከለቀቀ ዝናብና ላብ ይገባበታል፤ ከማይታይበት በኩል ይበላዋል። ቱቦውን በማጠፊያው ቀዳዳ በአንድ ጣት አንጠልጥሎ በእንጨት መታ ማድረግ። ቆይቶ የሚያስተጋባ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው። «ጠክ» ብሎ ከቀረ የሆነ ቦታ ለቋል። ለልጁ ይህን ስነግረው ሳቀ። «ጋሼ፣ እንደ መረዋ ልደውለው?» አለኝ። ደውለው አልሁት።

ቃታዎቹ ሁለት ይሆናሉ። የፊቱ ቀኙን፣ የኋላው ግራውን ይተኩሳል። በአንድ ቃታ ሁለቱንም የሚተኩስ አለ፤ ግን ረከስ ብሎ የተሠራ አንድ ቃታ ቶሎ ይበላሻል፣ ጠጋኝም የለውም። ሁለት ቃታ አንዱ ቢሰበር ሌላው አለ። በዚሁ ምክንያት፣ የተተኮሰውን ቀለህ አስፈንጥሮ ከሚጥለው ይልቅ በቀላሉ ወደ ኋላ ገፍቶ በእጅ የሚያስወጣው ለድሃ ይሻላል። ቀለህ ፍለጋ ሣር ውስጥ መርመስመስም ይቀራል። ከውጭ እንደ ፍየል ጆሮ የቆሙ መምቻዎች ያሉት የአሮጌው ሥራ ነው። በ1875 (እንደ ፈረንጅ) በበርሚንግሃም አንሰንና ዲሊ የተባሉ ሁለት ሠራተኞች መምቻውን ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ያ ሥራ ጥቂት ክፍሎች ስላሉት እስከ ዛሬ ርካሽ ሁለት አፍ በብዛት በዚያ መንገድ ይሠራል። መርፌዎቹ ይመቱ እንደሆነ ለማየት ባዶ ቤት ላይ ቃታ መሳብ ልማድ ነው፤ መርፌ ይሰብራል። የተተኮሰ ቀለህ አጉርሶ መሞከር ይሻላል።

የቅርብ ዘመን ሥራ ለሚፈልግ፣ በዓለም ላይ የድሃ ሁለት አፍ ተብለው ስም ያወጡት የሩሲያዎቹ ናቸው፤ የኢዥየቭስክ ኢዥ 58፣ ከእሱ በኋላ የመጣው ኢዥ 43፣ እንዲሁም የቱላ ሥራዎች። ይከብዳሉ፣ እንጨታቸው መጥረቢያ የጠረበው ይመስላል፣ ግን ይበረክታሉ። የቱርክ ሥራዎች ያምራሉ፤ ጥራታቸው ከቤት ቤት ይለያያል። ቱቦው ጎን ለጎን ይሁን አንዱ ባንዱ ላይ የሚለው ክርክር ለመጀመሪያ ገዢ አይረባም። በደጋ ብርድ ለሚኖር ይልቅ የሰደፉ ርዝመት ያሳስበው። ከተማ ውስጥ በሸሚዝ የለካው ሰደፍ ማሳ ላይ በጋቢ ሲሞከር ብብት ውስጥ ይወሸቃል። ጋቢውን ለብሶ ይለካ።

ከአፈሙዙ ጫፍ አካባቢ ቱቦው በጥቂቱ ይጠብባል፤ ፍሬው ቶሎ እንዳይበተን ነው። ሙሉ በሙሉ የጠበበው ልዩነት እንኳ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያች አንዲት ሚሊ ግን ብዙ ትሠራለች፦ በ36 ሜትር ርቀት 75 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ካልጠበበው ቱቦ ከፍሬዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ሲያርፉ፣ ከጠበበው 70 በመቶ ያህሉ ያርፋሉ። ከዚያ ርቀት በላይ ሁለት አፍ ብዙ አይሠራም። እንደ ነውር የሚቆጥሩት አሉ፤ ለእኔ ግን ዋናው ጥቅሙ ነው። ቁጥር 6 የሚባለው ደቃቅ ፍሬ ከ250 ሜትር ገደማ በላይ አይሄድም። የክላሽ ጥይት ወደ ሰማይ አዘንብሎ ቢተኮስ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ጃማ ሜዳ ላይ ከአንዱ ማሳ ባሻገር የሌላው ጎጆ አለ፤ ከጎጆው ባሻገር እረኛ አለ። ሰርግ ላይ ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት የት እንደሚያርፍ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ማረፉ ግን አይቀርም።

ለምን ይገዛል? ጃርት ድንች ይቆፍራል፤ ከርከሮ በአንድ ሌሊት ማሳ ይገለብጣል። ለብዙው ግን የማማ ጥበቃ፣ ወንጭፍና ውሻ ይበቃል፤ ጠመንጃ ከነጥይቱ የወንጭፍን ሥራ በወይፈን ዋጋ መሥራት ነው። ገደል አፋፍ ላይ እህል የሚበላውን ሁሉ ዝንጀሮ ብሎ መተኮስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ደረቱ ላይ ቀይ ገላ ያለው ጭላዳ ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የለም። ከመካነ ሰላም ከተማ ራቅ ብሎ ያለው የደንቆሮ ጫካ፣ ዛሬ በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ሥር ያለው፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮንና የምኒልክ ድኩላን ይዟል። ቀይ ቀበሮ በመላው አገሪቱ የቀረው በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር ነው። የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ «እህሌን በላ» የሚለው ቃልም በራሱ ፈቃድ አይሆንም።

የቤት አያያዙንም ሻጩ አይነግርም። ምሰሶ ላይ፣ ከምድጃው ጭስ በላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ሰደፉ ደርቆ ይሰነጠቃል። ብረቱን ሞራ የሚቀቡ አሉ፤ ሞራ በብርድ ይረጋል፣ መርፌው ላይ ይጋግራል። ቀጭን የማሽን ዘይት በጨርቅ፣ ያውም በጥቂቱ፣ ይበቃል። ጎርሶ የተሰቀለ ጠመንጃ ልጅ ባለበት ቤት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ቤተሰብ በየቀበሌው አለ፤ ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍበት። ያገለገለ ቀለህ በቤት ሞልቶ መተኮስም በቀድሞ አዳኞች ዘንድ የተለመደ ነበር። እነሱ ጥቁሩን ባሩድ ያውቁ ነበር። ከጦር ጥይት የተፈታ ባሩድ እዚያ ውስጥ የጨመረ ሰው ጣቱን ለማጣት ገንዘብ እየከፈለ ነው።

የቀረው ወረቀቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን፣ መግዛትን፣ መሸጥን፣ ማዘዋወርን ወንጀል አድርጓል። የአደን ጠመንጃም ጠመንጃ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት ደግሞ ትከሻ ላይ የታየ ብረት ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያስነሣል፤ ለጃርት ነው ብሎ መመለስ በሁሉም ኬላ አያሻግርም። በእንዲህ ያለ ጊዜ አለመግዛትም ምርጫ ነው፤ ልጁንም መጀመሪያ ያልሁት ይህንኑ ነበር። አልሰማኝም። እንግዲያስ፣ አልሁት፣ ከብረቱ በፊት ወረቀቱን ጠይቅ፤ በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥርና በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን በዓይንህ እይ። ቁጥሩ በሞረድ ተፍቆ ከሆነ ዋጋውን አትጠይቅ። ሽያጩም ፈቃድ ሰጪው ባለበት ይሁን።

በማግሥቱ ማታ ደወለልኝ። ሁሉንም እንደነገርሁት አድርጓል። ምላሱ መሐል ላይ ነው፤ ሲነቀነቅ አያንኳኳም። ቤቱ በማስመሪያ 65 ገደማ ነው። ከሆዱ ሥር አንበሳ ፈልጎ አጣ።

«መረዋውስ?»

«‹ጠክ› አለ፣ ጋሼ። ሁለት ቦታ ሞከርሁት።» ትንሽ ዝም አለ። «ሰውየው ግን ግማሹን ቀነሰልኝ። ለጌጥ እንኳ ቢሆን...»

«ወረቀቱን አሳየህ?»

«ነገ ይዤ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር።»

«እና?»

«ዛሬ ስልኩ አይሠራም።»